ክር ሲበጠስ የሚቆመው ማሽን፦ የሳኪቺ ቶዮዳ ሕይወት

የአንድ ፋብሪካ ጥንካሬ የሚለካው በማሽኖቹ ብዛት ወይም በሕንጻው ግዝፈት ብቻ አይደለም። ጥሬ ዕቃ ሲወደድ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝና ባለገንዘብ ሲሸሽ ሥራውን ሳያቋርጥ መቀጠል መቻሉ ዋነኛው መለኪያ ነው። ይህንን ከራሳቸው ውድቀት ከተማሩ ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው የአናጺ ልጅ ሳኪቺ ቶዮዳ ነበር።

የቤተሰቡ ስም ዛሬ በአንዲት ድምፅ ብቻ ተለውጦ በመላው ዓለም በመኪኖች ላይ ይነበባል። በአገራችን የገጠር መንገዶች የሚያልፉት ላንድክሩዘሮችም ሆኑ በከተሞች መካከል የሚመላለሱት ሚኒባሶች ብዙዎቹ ይህንን ስም ይዘዋል። ሳኪቺ ግን መኪና ሠርቶ አያውቅም። ዕድሜውን የፈጀው በድርና በማግ መካከል ነው። የድካሙም ፍሬ ብክነትን የሚጸየፍ፣ ስሕተቱን ከምንጩ የሚያርምና ፈተናን የሚቋቋም የፋብሪካ አሠራር ሆኖ ተርፏል።

የገጠሩ አናጺ ልጅ

ሳኪቺ ቶዮዳ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የጃፓን ታሪክ ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የትውልድ መንደሩ ያማጉቺ ትባላለች፤ ዛሬ በሺዙኦካ ክፍለ ሀገር በኮሳይ ከተማ አስተዳደር ሥር ትገኛለች። አባቱ ኢኪቺ ከግብርናው ጎን የአናጺነት ሙያ ነበረው። ሳኪቺም ትምህርቱን በአንደኛ ደረጃ አቁሞ መጋዝና መላጊያ ይዞ አባቱን ይከተል ጀመር።

በዚያ አካባቢ የገበሬ ቤት ሁሉ የሽመና ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ሴቶች የእርሻውን ሥራ ሲጨርሱ የጥጥ ጨርቅ እየሸመኑ የቤተሰቡን ገቢ ይደጉማሉ። የሳኪቺ እናትም ከእነዚህ ሸማኔዎች አንዷ ነበረች። ሸማኔዋ በእግሯ ድሩን እየከፈተች፣ መወርወሪያውን በአንድ እጇ ወርውራ በሌላው ትቀበላለች፤ ከዚያም ማጉን በመምቻው ታጠብቃለች። ይህ እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ የሚገኘው ጨርቅ ጥቂት፣ የሚገኘውም ገንዘብ ከድካሙ ጋር የማይመጣጠን ነበር።

በ1885 የጃፓን መንግሥት የፈጠራ ባለቤትነትን የሚያስጠብቅ ሕግ አወጣ። አዲስ ነገር የፈለሰፈ ሰው የድካሙን ዋጋ እንደሚያገኝ ሕጉ ማረጋገጫ ሰጠ። ለአሥራ ስምንት ዓመቱ ወጣት ይህ የሕይወት አቅጣጫ ሆነ። ገንዘብም ሆነ ከፍተኛ ትምህርት ያልነበረው ሳኪቺ ለአገሩ ሊያበረክት የሚችለው ፈጠራ ብቻ መሆኑን አመነ፤ የመረጠውም መስክ በዓይኑ ሥር ያደገበትን ሽመና ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የመሥራትና የማፍረስ ዓመታት ነበሩ። የቤቱን የእንጨት ሥራ ትቶ ቀኑን ሙሉ ከሽመና ዕቃ ጋር የሚታገለውን ልጅ የመንደሩ ሰዎች አእምሮው እንደተነካ ቆጠሩት። አባቱም ሙያውን ጥሎ በማይጨበጥ ሐሳብ መጠመዱን አልወደደም። በ1890 ቶኪዮ ውስጥ ታላቅ የኢንዱስትሪ ትርዒት ሲካሄድ ሳኪቺ በየቀኑ እየተመላለሰ የማሽኖችን አሠራር ሲያጠና ሰነበተ። በዚያው ዓመት የእንጨት የእጅ ሽመና ዕቃ ሠርቶ ጨረሰ፤ በ1891ም የመጀመሪያውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ።

የዕቃው ብልሃት ቀላል ነበር። ሸማኔው መምቻውን በአንድ እጁ ወደፊትና ወደኋላ ሲያንቀሳቅስ መወርወሪያው ራሱ ከጎን ወደ ጎን ያልፋል። በዚህም የአንድ ሸማኔ ምርት ከ40 እስከ 50 በመቶ አደገ፤ የጨርቁም ጥራት ተሻሻለ። ዕቃው ከእንጨት የተሠራ በመሆኑ የአካባቢው አናጺ ሊጠግነው ይችል ነበር።

ክር ሲበጠስ ማወቅ

ጥሩ ዕቃ መፈልሰፍ ግን ብቻውን ጥሩ ነጋዴ አያደርግም። ሳኪቺ ቶኪዮ ውስጥ በራሱ ዕቃዎች የከፈተው አነስተኛ የሽመና ቤት ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1894 ክር የሚያጠነጥን መሣሪያ ሠራ። ይህ መሣሪያ በሽመና አካባቢዎች በሰፊው ተሸጠለትና ለቀጣዩ ምርምር ስንቅ ሆነው። በዚሁ ዓመት ኪይቺሮ የተባለው ልጁ ተወለደ። ባሏን ዘወትር ከሥራው ጋር ተቆልፎ ያገኘችው የመጀመሪያ ሚስቱ ግን ትዳሩን ትታ ሄደች። በኋላ ያገባት አሳኮ የሥራውን አስተዳደር ጭምር የተሸከመች ብርቱ አጋር ሆነችለት።

በ1896 ሳኪቺ በጃፓን የመጀመሪያ የሆነውን በሞተር ኃይል የሚሠራ የሽመና ማሽን አጠናቀቀ። በወቅቱ ከአውሮፓ የሚገቡት ማሽኖች ሙሉ በሙሉ የብረት ነበሩ፤ ዋጋቸውም ለትንንሽ አምራቾች የሚቀመስ አልነበረም። የሳኪቺ ማሽን ብረት የገባበት ጫና በሚበዛባቸው ክፍሎች ብቻ ነው፤ ሌላው ከእንጨት ተሠራ። በዚህ ምክንያት ከውጭ ከሚመጣው በብዙ እጥፍ የረከሰ ሆነ።

ከርካሽነቱ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነበር። የማጉ ክር ሲበጠስ ወይም ሲያልቅ ማሽኑ ራሱን የሚያቆምበት መሣሪያ ተገጥሞለታል። ይህ ለሸማኔ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በእጅ የሚሸምን ሰው ክሩ ሲበጠስ ጣቱ ያውቀዋል፤ ወዲያው ቆሞ ይቀጥለዋል። በሞተር የሚነዳ ማሽን ግን ዓይንም ጣትም የለውም፤ ሰው ካልደረሰለት ባዶውን ይመታል። ውጤቱም እንከን ያለበት ጨርቅ ነው፤ ጥጡ፣ ፈትሉ፣ ጉልበቱና ነዳጁ ሁሉ ባክኗል። ሳኪቺ ለማሽኑ የሸማኔውን ጥንቃቄ ሰጠው።

በዚህ ማሽን የተሸመነው ጨርቅ ወጥ ጥራት ሚትሱይ የተባለውን ታላቅ የንግድ ድርጅት ዓይን ሳበ። በ1899 በሚትሱይ ድጋፍ የሽመና ማሽን የሚያመርት ድርጅት ተቋቋመ፤ ሳኪቺም የቴክኒክ ኃላፊ ሆነ።

ሁለት ጊዜ የጠፋ ቤት

የዚያ ድርጅት ዕድሜ ከሳኪቺ ጋር ረጅም አልነበረም። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ የማሽን ገዢ ጠፋ፤ ለምርምር የሚወጣው ገንዘብም እንደ ብክነት መታየት ጀመረ። ሳኪቺ ለቅቆ ወጥቶ በ1902 የራሱን ሥራ እንደገና አደራጀ። በ1903 ማሽኑ ሳይቆም ማጉ ያለቀበትን መወርወሪያ በሌላ የሚተካ መሣሪያ ፈለሰፈ። ይህ ፈጠራ ወደ ሙሉ አውቶማቲክ ሽመና የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ነበር።

በ1907 ታላላቅ ባለሀብቶች ተሰባስበው በስሙ የሽመና ማሽን ኩባንያ አቋቋሙ። ታሪክ ግን ራሱን ደገመ። ገበያው ሲዳከም የኩባንያው መሪዎች ጥፋቱን በሳኪቺ ሙከራዎች ላይ ጣሉ፤ በ1910ም ሥራውን እንዲለቅ አደረጉት። በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኘው ሰው የገዛ ፈጠራዎቹ በሌሎች እጅ ቀርተው በሩ ተዘጋበት።

የሁለቱ ውድቀቶች መንስኤ ተመሳሳይ ነበር። ምርምሩ የሚቀልበው በሌሎች ገንዘብ ነው፤ የኩባንያው ገቢ በማሽን ሽያጭ ላይ ብቻ ተመሥርቷል፤ የማሽን ሽያጭ ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ በመጀመሪያ የሚቆም ነው። አንድ ምሰሶ ብቻ ያለው ጎጆ ምሰሶው ሲዘምም አብሮ ይወድቃል።

በዚያው ዓመት ሳኪቺ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ተጓዘ። ፋብሪካዎቹን እየተዘዋወረ ሲመለከት የእርሱ ማሽኖች ከምዕራባውያኑ በሐሳብ እንደማያንሱ ተገነዘበ። ኒው ዮርክ ውስጥ የሚኖረው ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔም አንድ ፈልሳፊ ፈጠራው በተግባር ላይ ውሎ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ ከእጁ ሊለቀው እንደማይገባ መከረው። ተስፋ ቆርጦ የወጣው ሰው ልቡ ተጠግኖ ተመለሰ።

ከክሩ መጀመር

በ1911 ሳኪቺ ናጎያ ውስጥ የራሱን የሽመና ፋብሪካ አቋቋመ። ይህ ውሳኔ አሠራሩን ከመሠረቱ ለወጠው። ከእንግዲህ ማሽኑ ከመሸጡ በፊት በራሱ ፋብሪካ፣ በእውነተኛ ሥራ ላይ ይፈተናል። ምርምሩም የሚቀለበው ከጨርቅ ሽያጭ በሚገኝ ገቢ ነው። ማሽን የማይሸጥበት ዘመን ቢመጣ ጨርቁ ይሸጣል፤ ጨርቅ ሲወድቅ የተሻለ ማሽን ወጪውን ይቀንሳል።

በዚያ ፋብሪካ ሌላ ችግር ተገለጠ። አውቶማቲክ ማሽን የቱንም ያህል ቢራቀቅ ደካማና ወጥ ያልሆነ ክር ከገባለት በየደቂቃው ይቆማል። ሳኪቺ የማሽኑን ጉድለት ሲፈልግ ጥፋቱን ክሩ ላይ አገኘው። ክሩን በትክክል ለማግኘትም በ1914 የራሱን መፍተያ ፋብሪካ ሠራ። ጥጥ የሚያለማ ገበሬ ይህንን በቀላሉ ይረዳል። ጥጡ በለቀማ ጊዜ ከቅጠልና ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ፣ ወይም በመጋዘን ርጥበት ካገኘው፣ ጉዳቱ በመዳመጫው ላይ አያበቃም፤ እስከ ጨርቁ ድረስ ይከተላል። የፋብሪካ ጤንነት ከማሳ ይጀምራል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓን ጨርቅ ከእስያ ገበያ ሲያርቅ የጃፓን ፋብሪካዎች ትእዛዝ በዛላቸው። የሳኪቺም ሥራ ሰፍቶ በ1918 የቶዮዳ መፍተያና ሽመና አክሲዮን ማኅበር ተመሠረተ። በ1921 ደግሞ በቻይናዋ ሻንጋይ ሌላ ፋብሪካ ተቋቋመ።

የኖረበት የመጨረሻ ፍሬ

በ1920 ከቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምሕንድስና የተመረቀው ልጁ ኪይቺሮ ከአባቱ ጋር ተሰለፈ። አባት በልምድ፣ ልጅ በትምህርት ያገኙትን አዋሕደው በ1924 ጂ ዓይነት የተባለውን አውቶማቲክ የሽመና ማሽን አጠናቀቁ። ማሽኑ በሙሉ ፍጥነት እየሠራ ማጉ ያለቀበትን መወርወሪያ በአዲስ ይተካል። የማግ ክር ሲቋረጥ ይቆማል፤ ከድሩ አንዲት ክር ብትበጠስም ይቆማል። አንድ ሠራተኛ ከ30 በላይ ማሽኖችን መቆጣጠር ቻለ።

አሠራሩ በጃፓንኛ ጂዶካ ይባላል። ቃሉ አውቶማቲክ ማለት ቢሆንም፣ በኋላ የቶዮታ ሰዎች ሲጽፉት ሰውን የሚያመለክት ምልክት ጨመሩበት፤ የሰው አስተውሎት ያለው ማሽን ለማለት ነው። ቁም ነገሩ ሦስት ነው። ችግር ሲፈጠር ሥራው ይቆማል፤ ችግሩ የት እንዳለ ወዲያው ይታያል፤ መንስኤው ሳይታወቅ ሥራው አይቀጥልም። በዚህ መንገድ እንከን ያለበት ዕቃ ወደሚቀጥለው ክፍል አይተላለፍም።

ማሽኑ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በመቶዎች የሚቆጠሩት በሙከራ ፋብሪካ ተፈተኑ። በ1926 ካሪያ በተባለ ሥፍራ የቶዮዳ አውቶማቲክ የሽመና ማሽን ፋብሪካ ተመሠረተ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1929 ደግሞ በዓለም ስመ ጥር ከነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ማሽን አምራቾች አንዱ፣ የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ፣ የማሽኑን መብት በ100 ሺህ ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ኪይቺሮ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ኩባንያ ፋብሪካ ሥራ ለመማር ሰንብቶ ነበር። ትናንት ተማሪ የነበረው ዛሬ አስተማሪ ሆነ።

የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽታ መዘንጋት የለበትም። የጃፓን መፍተያና ሽመና ፋብሪካዎች የተሞሉት ከድሃ ገበሬ ቤት በመጡ ልጃገረዶች ነበር፤ የሥራ ሰዓታቸው ረጅም፣ ሌሊቱም የሥራ ጊዜ ነበር። በ1929 የሴቶች የሌሊት ሥራ በሕግ ሲከለከል ፋብሪካዎች በጥቂት ሠራተኛ ብዙ ለማምረት ወደ አውቶማቲክ ማሽኖች ይበልጥ ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ሠራተኛ 30 ማሽን ሲይዝ የቀሩት ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ጥያቄም አብሮ ተወለደ። የእናቱን ድካም ለማቅለል የተነሣው ልጅ የሠራው ማሽን የብዙ ሸማኔ ቤቶችን ሥራ ወስዷል። ጥያቄው ዛሬም አዲስ ማሽን በሚተከልበት ሥፍራ ሁሉ ይነሣል።

ሳኪቺ በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑን ከሽመና አልፎ ወደ ኃይል ምንጭ ጣለ። ጃፓን የነዳጅ ዘይት ሀብት እንደሌላት በመገንዘብ፣ ኤሌክትሪክ በብዛት የሚያከማች ኃይለኛ ባትሪ ለሚሠራ ሰው ይውል ዘንድ በ1925 የአንድ ሚሊዮን የን ሽልማት ቃል ገባ። ዓለም ባትሪን የኢንዱስትሪ ዋነኛ ጉዳይ ሊያደርገው ብዙ አሥርት ዓመታት ይቀሩት ነበር።

ሳኪቺ ቶዮዳ በጥቅምት ወር 1930፣ በ63 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሽመና እስከ ካይዘን

ልጁ ኪይቺሮ ወደ አውቶሞቢል ፊቱን አዞረ። በ1933 በሽመና ማሽን ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል ተከፈተ፤ በ1937ም ቶዮታ ሞተር ኩባንያ ራሱን ችሎ ቆመ። በጨርቅ የተገኘ ገቢና ዕውቀት የመኪናው ሥራ መነሻ ሆነ። ኪይቺሮ በአባቱ ሐሳብ ላይ የራሱን ጨመረ፤ የሚያስፈልገውን ዕቃ በሚያስፈልግበት ጊዜና መጠን ብቻ ማቅረብ የሚለውን። በ1932 በቶዮዳ መፍተያና ሽመና ሥራ የጀመረው ታይቺ ኦኖ በኋላ ወደ መኪናው ፋብሪካ ተዛውሮ ሁለቱን ሐሳቦች አዋሐዳቸው። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ችግር ሲያይ ሥራውን እንዲያስቆም ሥልጣን ተሰጠው። ክር ሲበጠስ የሚቆመው ማሽን ሐሳብ የሰው አሠራር ሆነ።

በሳኪቺ ስም የሚነገረው ሌላው ቅርስ ለምን የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ የመደጋገም ልማድ ነው። ለምሳሌ የአንድ ወፍጮ ቤት ቺንጋ ተበጠሰ እንበል። ለምን ተበጠሰ? ከመጠን በላይ ስለሞቀ። ለምን ሞቀ? ኩሽኔታው አልዞር ብሎ ስለያዘው። ኩሽኔታው ለምን ያዘ? ግራሶ ስለደረቀበት። ለምን ደረቀ? በጊዜው የቀባው ሰው ስላልነበረ። ለምን አልነበረም? ኃላፊነቱ ለማንም ስላልተሰጠ። በመጀመሪያው መልስ የቆመ ባለወፍጮ በየወሩ ቺንጋ ይገዛል፤ እስከ አምስተኛው የዘለቀው ግን አንድ ሰው መድቦ፣ የሚቀባበትን ቀን በግድግዳው ላይ ጽፎ ገንዘቡን ያድናል።

ይህ አስተሳሰብ ካይዘን በሚለው ስም ኢትዮጵያም ደርሷል። በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጥያቄ መነሻነት የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ በተመረጡ ፋብሪካዎች የሙከራ ሥራ አካሂዶ፣ በ2004 ዓ.ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ 5ቱ ማዎች በመባል የሚታወቁት የሥራ ቦታ አደረጃጀት መመሪያዎች በብዙ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ።

ግድግዳ ላይ መለጠፉ ግን የሥራው መጨረሻ አይደለም። የሳኪቺ ሕይወት የሚያሳየው ብክነትን መቀነስ የአንድ ሰሞን ዘመቻ ሳይሆን የአርባ ዓመት ትዕግሥት መሆኑን ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር መለዋወጫ የሚጠብቅ ፋብሪካ፣ ጥሬ ዕቃው ወጥ ባለመሆኑ ማሽኑ ሥራ የፈታ ማምረቻ፣ በአንድ ምርትና በአንድ ገዢ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ማኅበር ሁሉ ሳኪቺ ካለፈባቸው ፈተናዎች አንዱን እየተጋፈጠ ነው። እርሱ የመለሰው በእጁ ካለው ዕቃ ጀምሮ፣ ችግሩን እስከ ምንጩ ተከትሎ፣ ገቢውንም በሁለት እግር አቁሞ ነው።

በ1911 የሽመና ፋብሪካውን ያቋቋመበት የናጎያው ሥፍራ ዛሬ የኢንዱስትሪና የቴክኖሎጂ ሙዚየም ሆኗል። የእንጨቱ የእጅ ሽመና ዕቃም ጂ ዓይነቱም ማሽን እዚያው ይታያሉ፤ ባለሙያዎችም ለጎብኚዎች እያንቀሳቀሱ አሠራራቸውን ያሳያሉ።